አገዳ ቆርቁር፦ ከመኸር በኋላ የሚረሳው ተባይ

መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ከታየ ወዲህ የበቆሎ ተባይ ሲባል በሰው ሁሉ አእምሮ የሚመጣው እርሱ ብቻ ሆኗል። ዘመቻው፣ ሥልጠናው፣ የኬሚካል ግዢው፣ የሬዲዮ ማስጠንቀቂያው በእርሱ ስም ይካሄዳል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች የተዛመተ ተባይ ችላ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ተምቹ ከመምጣቱ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት የበቆሎና የማሽላ ገበሬን ሲያስለቅስ የኖረው አገዳ ቆርቁር ከዜናው ወጣ እንጂ ከማሳው አልወጣም።

ሁለቱም የእሳት ራት ዘሮች ናቸው፤ ጉዳቱን የሚያደርሱትም ክንፍ ያወጡት ሳይሆኑ እጮቻቸው ናቸው። ልዩነቱ በአሠራራቸው ነው። ተምች በዋናነት ቅጠል ስለሚበላ ዘረፋውን በአደባባይ ይፈጽማል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ የተቀዳደደውን ማሳ አይቶ ከንፈሩን ይመጣል። አገዳ ቆርቁር ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ገበሬው ነገሩን የሚያውቀው የቡቃያው የመሃል ቅጠል ጠውልጎ ሲደርቅ፣ ወይም አገዳው ዘለላና እሸት ከያዘ በኋላ ነፋስ ወገቡን ሲሰብረው ነው። በዚያን ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም። በኬንያ በቆሎ ላይ በተሠራ አገር አቀፍ ግምት አገዳ ቆርቁሮች የሚያጠፉት ምርት በአማካይ ከ13 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ከጎረቤቱ ዘግይቶ የዘራ ሰው ማሳ የሚደርስበት ከዚህ ብዙ እጥፍ የከፋ ነው።

አገዳ ቆርቁር ስንል የምናወራው ስለ አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በሳይንስ ስሙ ቡሴኦላ ፉስካ የሚባለው አፍሪካዊ ነው፤ ከዚህ አህጉር ውጭ የትም አልነበረም፤ በቆሎ ከአሜሪካ ሳይመጣ በፊት ማሽላንና የዱር ሳሮችን ሲበላ የኖረ ነባር ነው። ሁለተኛው ቺሎ ፓርቴለስ ከእስያ የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ በማላዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች መሬቱን ለሁለቱ አካፍለውት ነበር፤ ቡሴኦላ ከ1,160 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለውን ቀዝቃዛውን አካባቢ፣ ቺሎ ደግሞ ከ500 እስከ 1,700 ሜትር ያለውን ሞቃቱን። ይህ ክፍፍል ዛሬ እንደ ድንበር ሊታመንበት አይገባም። ቺሎ ሙቀት ወዳድ ነው፤ አየሩ በሞቀ ቁጥር ወደ ወይና ደጋው ይወጣል። በኬንያ የባሕር ዳርቻ እንዳደረገው ነባሩን ዘመዱን ገፍቶ ቦታውን የመያዝ ልማድም አለው፤ በጋው አልፎ ዝናብ ሲመጣ ከነባሮቹ ቀድሞ ስለሚነቃ አዲሱን ቡቃያ ቀድሞ ይደርስበታል። ሦስተኛ ዝርያም አለ፤ ሴሳሚያ ካላሚስቲስ ይባላል፤ እርጥበት ያለበትን ስፍራ ይመርጣል፤ ሸንኮራ አገዳም ይወዳል። ወደ ሸንኮራው በኋላ እንመለሳለን።

ኬሚካል ለምን እንደማያዋጣ ለመረዳት የተባዩን ኑሮ መከተል ያስፈልጋል። የቡሴኦላ እናት በሌሊት ትበርራለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው አገዳውን በሚያቅፈው የቅጠል ሰገባ ሥር ሸሽጋ ነው። በሳምንት ገደማ የሚፈለፈሉት ጨቅላ እጮች ወደ ላይ ተጉዘው ገና ወዳልተዘረጋው የመሃል ቅጠል ይገባሉ፤ እዚያም ለጥቂት ቀናት ይግጣሉ። ቅጠሉ በኋላ ሲዘረጋ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚታዩት ለዚህ ነው። ከፊሎቹ ቀጭን ድር ለቀው በነፋስ ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ አገዳውን በስተው ይገባሉ፤ ገብተውም አያርፉም፣ ከታች ወደ ላይ ቦይ እየቆፈሩ ለስላሳውን የመሃል ክፍል ይበላሉ። ክንፍ ወደሚያወጡበት ደረጃ ሊሸጋገሩ ሲሉ የመጨረሻ ሥራቸው አስገራሚ ነው፤ እጩ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ይቆርጥና ስስ ልጣጭ ብቻ ትቶለት ወደ ኋላ ይመለሳል። የምትወጣዋ የእሳት ራት የምትቆርጥበት መንጋጋ የላትም፤ በሩን ቀድሞ ያዘጋጀላት እጩ ነው።

ስለዚህ መርዝ ሊደርስበት የሚችልበት ጊዜ እጩ ከተፈለፈለበት እስከሚገባበት ያለው አጭር ፋታ ብቻ ነው። ገበሬው ቅጠሉ መበሳቱን አይቶ፣ ገንዘብ ፈልጎ፣ ወረዳ ከተማ ሄዶ ኬሚካል ገዝቶ፣ መርጫ ተውሶ እስኪመለስ ድረስ እጩ ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚረጨው ቅጠሉን ያጥባል፣ የገበሬውን ሳንባ ይጎዳል፣ ተባዩን ግን አያገኘውም። በመጤ ተምች ዘመቻ የተለመደው የርጭት ሥርዓት ለአገዳ ቆርቁርም ያገለግላል ብሎ ማሰብ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው በማንኛውም የተባይ መከላከያ መመሪያ ላይ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ የሚሆነው ነው፤ እኔ የምከራከረውም የአገዳ ቆርቁር ዋናው ፍልሚያ በኅዳርና በመጋቢት መካከል ነው ብዬ ነው። በዚህ ጊዜ ማሳው ባዶ ነው፤ የልማት ሠራተኛውም ስለ ተባይ አያነሳም፤ ገበሬውም ሰርግና ማኅበር ላይ ነው። ተባዩ የት ነው? በደረቀው አገዳ ውስጥ ተኝቷል። የመጨረሻው ትውልድ እጮች አገዳው ሲደርቅ ወደ ታችኛው ክፍል ወርደው፣ ምግብ አቁመው፣ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ የሚችል እንቅልፍ ይተኛሉ። የሚቀሰቅሳቸውም የዝናቡ ውሃ ነው። አገዳው ሲረጥብ እጩ ይነቃል፣ ይለወጣል፣ ክንፍ ያወጣል። ገበሬው በዚያው ዝናብ የዘራው በቆሎ በቅሎ ቅጠል ሲያወጣ የእሳት ራቷም እንቁላሏን ይዛ ትደርሳለች። ሰዓቱን እንዲህ የገጠመ ተባይ ብዙ አይገኝም።

እነዚህ እጮች በጋውን በደህና የሚያሳልፉት ደግሞ በእኛ እገዛ ነው። ገበሬ አገዳውን ቆርጦ ቁመቱን አቁሞ በክብ ይከምረዋል። ከክምሩ መሃል ያለው አገዳ ፀሐይ አያገኘውም፤ ከብት አይረግጠውም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ የተመጣጠነ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሠሩት የነፍሳት ተመራማሪ አሰፋ ገብረአምላክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያሳዩት ነገር ቀላልና ኃይለኛ ነበር፤ አገዳውን ከመከመር ይልቅ ለአራት ሳምንታት መሬት ላይ በአግድም ቢያነጥፉት በበቆሎ አገዳ ውስጥ ካሉት እጮች 97 በመቶው፣ በማሽላ አገዳ ውስጥ ካሉት ደግሞ ሁሉም ይሞታሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መርጫ አይጠይቅም፤ ፀሐይ ትበቃለች።

ታዲያ ይህን ያህል የተገኘ ነገር ለምን በየቀበሌው ልማድ አልሆነም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገበሬው አልተቀበለውም» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልወደውም፤ ገበሬውን ግትር አድርጎ ያስቀራል። አገዳ ተረፈ ምርት የሚባለው በቢሮ ቋንቋ ነው። በሐረርጌ የማሽላ አገዳ የከብት ቀለብ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው፤ ድርቅ ባለበት ዓመት ከእህሉ እኩል የሚታሰብ ሀብት ነው። ለከብቱ የሚሰጥ አገዳ ደግሞ አንድ ወር ፀሐይ ላይ ከተነጠፈ ቅጠሉ ረግፎ፣ ጣዕሙ ጠፍቶ እንጨት ይሆናል። ምስጥ በበዛበት በምዕራብ ወለጋ አገዳህን መሬት ላይ አንጥፈው ማለት ምስጥ አብላው ማለት ነው። ከመኸር በኋላ ከብት በሚለቀቅበት አካባቢ ደግሞ የተነጠፈ አገዳ የባለቤቱ መሆኑ ያበቃል፤ የመንደሩ ሁሉ ከብት ይበላዋል። አቁሞ መከመር የመጣው ከእነዚህ ሁሉ ለማምለጥ ነው። ገበሬው ያሰበው ልክ ነው፤ ተባዩም በዚያው ልክ ተጠቀመበት።

ስለዚህ ምክሩ አገዳው ከሚሰጠው ጥቅም ጋር መታረቅ አለበት። ከናይጄሪያ የተገኘ አንድ ዘዴ በዚህ ረገድ ብልሃት አለው። ማሽላው ተቆርጦ ቅጠሉ ደርቆ ሳለ አገዳው ግን ገና እርጥብ ሆኖ በቀላል እሳት ይለበለባል፤ የቅጠሉ እሳት በአገዳው ውስጥ ካሉት እጮች 95 በመቶ ያህሉን ይገድላል፤ አገዳው ግን አይነድም፤ እንዲያውም ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የተሻለ ይሆናል። ለመኖ ለሚፈልገው አይሆንም፤ ለአጥር ለሚፈልገው ግን ይሆናል። ለመኖ የሚውለውን ደግሞ ቆራርጦ ማብላት ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ከብቱ የሚያባክነው ይቀንሳል፣ እጩም ከአገዳው ጋር ያልቃል። ከሁሉም በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ከክምሩ ሥር የሚተርፈው ነው። በጥርና በየካቲት የተበላና የተቃጠለ አገዳ ለማንም ስጋት አይደለም፤ የበልግ ዝናብ የሚያገኘው ትርፍራፊ ነው የሚቀጥለውን ዓመት ወረራ የሚወልደው። የልማት ሠራተኛ አንድ ነገር ብቻ የመናገር ዕድል ቢኖረው «ዝናቡ ሳይመጣ ክምሩን ጨርሱ» ቢል ከብዙ ሊትር ኬሚካል ይበልጣል ባይ ነኝ። በማሳው ላይ የቀረውን ጉቶም መንቀል ወይም ገልብጦ ማረስ ያስፈልጋል፤ በደቡብ አፍሪካ የበቆሎና የማሽላ ጉቶን መቁረጥ ብቻውን 70 በመቶ ያህሉን ተባይ እንደሚያጠፋ ታይቷል።

የእሳት ራት ግን የማሳ ወሰን አታውቅም። አንዱ ክምሩን አጽድቶ ጎረቤቱ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በደቦና በወንፈል አጨዳና ውቂያ የሚሠራ ማኅበረሰብ የአገዳ ክምርን ጉዳይ ለየግለሰቡ መተዉ ይገርመኛል።

አሁን ስለ አንዲት ያልተጠራች እንግዳ ላውራ። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባል ጥቁር ተርብ አለች፤ ርዝመቷ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ቆርቁሩ በቆፈረው ቦይ ተከትላ ትገባለች፤ እጩን ትወጋና በሰውነቱ ውስጥ እንቁላሎቿን ትጥላለች፤ ልጆቿም ከውስጥ በልተውት ይወጣሉ። ኬሚካል የማይደርስበት ቦታ እርሷ በእግሯ ትደርሳለች። ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ይህችን ተርብ ከእስያ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬንያ የባሕር ዳርቻ ቺሎን እንድታጠፋ ለቀቃት፤ በኋላም በሌሎች አገሮች ተለቀቀች። በኢትዮጵያ ማንም አልለቀቃትም። ሆኖም ተመራማሪው እማና ጌቱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በሁለት ሺህ ዓመት መባቻ ላይ ባደረጉት አሰሳ በአገራችን ማሽላና በቆሎ ውስጥ ሠፍራ አገኟት። ከሱማሌ ወይም ከኬንያ ራሷ ድንበር ተሻግራ ገብታለች ማለት ነው።

በብራዚል ይህችው ተርብ የኢንዱስትሪ ምርት ናት። እዚያ የሸንኮራ አገዳን ለሚቆረቁረው ዲያትሪያ ለሚባለው ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቤተ ሙከራ ትባዛለች፤ በሄክታር 6,000 ያህል ተርቦች እየተለቀቁ በሚሊዮኖች ሄክታር የሚቆጠር እርሻ ይጠበቃል። እኛ ዘንድ በነፃ መጥታ ኬሚካል ተቀበላት። ለተምች ተብሎ ያለ ልዩነት የሚረጨው መርዝ እርሷንም ይገድላል፤ ከዚህም አልፎ የተምቹን የራሱን ጠላቶች ያጠፋል። ተምቹ በገባ ማግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች አገር በቀል ተርብ ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን የተምች እጭ ወግታ ተገኝታ ነበር። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሠራዊት ማለት ይህ ነው። በእርግጥ ተርቧን አምልኮ ማድረግም አይገባም። ፍላቪፔስ የምትሠራው በቺሎ ላይ ነው፤ በደጋው ቡሴኦላ ሰውነት ውስጥ እንቁላሎቿ በእጩ የመከላከያ ሴሎች ተከብበው ይሞታሉ። ለደጋው ሌላ፣ ነባር ዘመዷ ታስፈልጋለች፤ ከእርሷም ቢሆን ቡሴኦላን የምትችለው የተወሰነችው ዘር ብቻ ናት።

ኢሲፔ ከእንግሊዙ ሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው የገፊና ሳቢ ዘዴ ሰፊ ጽሑፍ ይገባዋል፤ እዚህ የምነካው ከመኖው ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ብቻ ነው። በበቆሎው መሃል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የእሳት ራቷን ያባርራታል። በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ወይም ብራኪያሪያ የተባለ ሣር ይተከላል፤ ሽታው ይስባታል፤ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ከሚፈለፈሉት እጮች ግን አብዛኞቹ አያድጉም። ዴስሞዲየም የአቀንጭራን (የሰብል ጥገኛ አረም ነው) ዘር ያለ ጊዜው እንዲበቅልና እንዲሞት ማድረጉ፣ አፈርን በናይትሮጅን ማዳበሩ ተጨማሪ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሁለቱም ተክሎች የከብት መኖ መሆናቸው ነው። በቂ መኖ ያለው ገበሬ የደረቀ አገዳ እስከ መጋቢት አቁሞ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ይቀንሳል። እንቅፋቱ የዴስሞዲየም ዘር ውድነትና እጥረት፣ የመጀመሪያው ዓመት የአረም ሥራ፣ ልቅ ግጦሽ ነው። ሩብ ሄክታር ላለው ሰው ደግሞ ዳር ዳሩን ለሣር መስጠት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

በሌላ በኩል በዘረመል ምህንድስና የተሻሻለ፣ ቆርቁርን የሚገድል ፕሮቲን በራሱ የሚያመርት በቆሎ አለ፤ ቴላ በሚባለው የአፍሪካ መርሐ ግብር በኩል በኢትዮጵያም ሲሞከር ቆይቷል። ይህን በቆሎ በጅምላ የሚያወግዘውም፣ የመጨረሻ መፍትሔ ነው ብሎ የሚያቀርበውም የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ቢያነብ ይጠቅመዋል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተዘራ፤ ለዓመታት አስደናቂ ውጤት ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ቡሴኦላ መርዙን መቋቋም መጀመሩ በይፋ ተዘገበ። ዋናው ምክንያት መርዙ የሌለበት በቆሎ በአጠገቡ እንዲዘራ የሚያዝዘው ደንብ ብዙ ገበሬዎች ስላልጠበቁት ነው፤ መርዙን የማያውቁ የእሳት ራቶች ከተቋቋሙት ጋር ተዳቅለው ዘሩን እንዲያለዝቡ የታሰበበት ደንብ ነበር። በሺህ ሄክታር የሚያርሱ፣ ውል ፈርመው ዘር የሚገዙ ገበሬዎች ያልጠበቁትን ደንብ በግማሽ ሄክታር ላይ ማን ያስጠብቀዋል? ዘሩ ይምጣ ከተባለ ይህ ጥያቄ ቀድሞ መመለስ አለበት።

ሸንኮራ አገዳውን በተመለከተ ወንጂ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር ሲያመርት፣ በኋላም መተሐራና ፊንጫ ሲከተሉ፣ የኢትዮጵያ እርሻዎች በቆርቁር ረገድ በአንጻራዊነት ዕድለኞች ነበሩ። ይህ ዕድል ዘላለማዊ ነው ብሎ ማመን ግን ሞኝነት ነው። ከላይ የጠራኋቸው ዝርያዎች በገበሬዎች የጓሮ ሸንኮራ ላይ ይገኛሉ፤ ሸንኮራ ደግሞ ገበያ ለገበያ በጭነት መኪና የሚጓዝ ሰብል ነው፤ በውስጡ ያለውን እጭ የሚፈትሽ ኬላ የለም። በቆሎ ተሰብስቦ ማሳው ሲራቆት፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆም ሸንኮራ ለተባዩ መሸጋገሪያ ድልድይ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሰጋኝ ኤልዳና ሳካሪና የተባለችው ናት። እርሷም አፍሪካዊት የእሳት ራት ናት፤ የጥንት መኖሪያዋ በውሃ ዳር የሚበቅሉ የረግረግ ተክሎች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 ገደማ ወደ ሸንኮራ ገባች፤ ቆይታ ጠፋች፤ በ1970 ተመልሳ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የስኳር ኢንዱስትሪ ዋነኛ ተባይ ናት። በብዙ ቦታ ገበሬዎች ሸንኮራውን ሳይበስል በ12 ወሩ ገደማ ለመቁረጥ ተገድደዋል፤ አንድ ዓመት ተኩል ቢቆይ ስኳሩ ይጨምር ነበር፣ ተባዩም እንዲሁ። ጉዳቷን የሚያባብሰው የውሃ እጥረትና የበዛ የናይትሮጅን ማዳበሪያ መሆኑም ታውቋል። በኢትዮጵያ ይህች ተባይ በደንገልና በመሰል የረግረግ ተክሎች ውስጥ በደቡብ፣ በመሃልና በሰሜን እንደምትኖር እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። እዚሁ አለች ማለት ነው፤ የቀራት ምግብ መቀየር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሸንኮራ እርሻ ወደ ጣና በለስ፣ ወደ ኦሞ፣ ወደ አርጆ ደዴሳ ተስፋፍቷል፤ የመስኖ ቦዮች ባሉበት ሁሉ ረግረግ ይፈጠራል። የእርሻዎቹ ተባይ ተቆጣጣሪዎች ሸንኮራውን ብቻ ሳይሆን በቦዮቹ ዳር የሚበቅለውን ቄጠማና ፊላም በየጊዜው ሰንጥቀው ማየት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።